ሁለቴ የሚነበብ ታሪክ፦ አጭር ልቦለድ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ታሪኳ አራት ገጽ ናት። ሃያ ደቂቃ አትፈጅም። ተማሪው ግን አያነባትም። ስልኩን አውጥቶ የታሪኩን ርዕስ ይጽፋል። ማሽኑ በአምስት ሰከንድ «ታሪኩ ስለ ናፍቆት ነው» ይለዋል። በማግስቱ መምህሯ «የታሪኩ መልእክት ምንድን ነው?» ስትል እጁን ያወጣል። «ናፍቆት።» ልክ ነው። ማርኩን ያገኛል።

ቻትጂፒቲ የተባለው፣ ለተጻፈለት ጥያቄ ራሱ መልስ የሚጽፍ ማሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ይህ ነገር የሥነ ጽሑፍ መምህራንን እንቅልፍ ነስቷል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆችም «ማጠቃለያው እጁ ላይ ካለ ታሪኩን ማንበቡ ምን ይጨምርለታል?» ብለው ይጠይቃሉ። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ለመመለስ ግን አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በሁለተኛ ደረጃና በኮሌጅ አጭር ልቦለድ ሲሰጥ፣ የሚሰጠው ነገር ምንድን ነው? መልእክቱ ከሆነ ማሽኑ ይበቃል፤ መምህርም አያስፈልግም። የሚሰጠው ግን ሌላ ነገር ነው።

አጭር ልቦለድ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአንድ ቁጭታ ተነብቦ የሚያልቅ የፈጠራ ታሪክ ማለታችን ነው። መለኪያው የቆየ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ በ1842 የሌላ ደራሲ ታሪኮችን ሲገመግም፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት የሚነበብ ታሪክ የራሱ ኃይል እንዳለው ጽፏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ረጅም መጽሐፍ ስናነብ እንነሳለን፣ እንተኛለን፣ የኑሮ ጣጣ መሃል ይገባል። ስሜቱ ይበተናል። በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ታሪክ ግን አንባቢውን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ሳይለቅ ይዞት ይሄዳል። ፖ ደራሲው መጀመሪያ አንድ ስሜት ይመርጣል፣ ከዚያ እያንዳንዷ ቃል ለዚያ ስሜት ታገለግላለች ባይ ነበር።

ስለዚህ አጭርነቱ የገጽ ቁጠባ ብቻ አይደለም። በረጅም ልቦለድ ውስጥ ወንበር ወንበር ብቻ ሊሆን ይችላል። በአጭር ልቦለድ ውስጥ ግን ወንበር ከተጠቀሰ «ለምን ተጠቀሰ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ብዙዎቻችን ታሪክ የለመድነው በተረት ነው። ተረት መጨረሻው ላይ ምክሩን በእጃችን ያስጨብጠናል። ክፍል ውስጥ «መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የቀደመን ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል። አጭር ልቦለድ ግን ብዙ ጊዜ ምክር አያስረክብም። ሐኪምም ደራሲም የነበረው ሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ በ1888 በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥያቄን መፍታትና ጥያቄን በትክክል ማቅረብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ፣ ከጥበብ ሰው የሚጠበቀውም ሁለተኛው ብቻ እንደሆነ ገልጿል። ጥያቄ ብቻ ይዞ ከመጣ ታሪክ መልስ ፈልቅቀን እናውጣ ስንል ነው ክፍሉ የሚደርቀው።

ረጅም ልቦለድስ ለምን አይሰጥም?

ይሰጣል። መሰጠትም አለበት። አጭሩ ግን ረጅሙ የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለቴ ይነበባል።

የማናውቀውን መንገድ ስንሄድ ዓይናችን መድረሻውን ነው የሚፈልገው። «ደረስን ወይ?» እንላለን። ስንመለስ ግን ተረጋግተን ዙሪያችንን እናያለን፤ ያ አጥር፣ ያ የተሰበረ መስኮት ስንሄድም እዚያው ነበሩ። ንባብም እንደዚያ ነው። በመጀመሪያው ንባብ «ቀጥሎ ምን ይሆን?» እያልን እንሮጣለን። በሁለተኛው መጨረሻውን እናውቀዋለን፤ ሩጫው ይቀራል። ያኔ «ደራሲው ይህን እንዴት አደረገው?» ማለት እንጀምራለን። ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአራት መቶ ገጽ መጽሐፍ በአንድ መንፈቅ ሁለቴ የሚያነብ ተማሪ ስንት ይገኛል? አራት ገጽ ግን ማንም ይደግማል።

ሁለተኛው ንባብ ሲባል ምን ይመስላል?

በወሬ ከምነግራችሁ ቢታይ ይሻላል። ለዚሁ ብዬ አንዲት በጣም አጭር ታሪክ ጽፌያለሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቧት።

እህትየው ጠረጴዛውን አሰናዳች። ሦስት ሳህን ደረደረች። ወንድሟ መጣና ቆሞ አየው። አንዱን ሳህን አነሳ፣ በሸሚዙ ጠርዝ ወልወል አደረገውና መደርደሪያው ላይ መለሰው። ሳህኑ ንጹሕ ነበር።
«ዛሬም?» አላት።
«እጄ ነው» አለች።
በሩ ተንኳኳ። ሁለቱም እኩል ዞር አሉ። የጎረቤት ልጅ ነው፤ ኳሱ ግቢያቸው ገብቶበታል። ወንድሟ ወጥቶ ኳሱን ሰጠው። ሲመለስ ሳህኖቹ እንደገና ሦስት ሆነው ነበር።
አላነሳውም።

አለቀ። ክፍል ውስጥ ነን እንበል። መምህሯ መልእክቱን አልጠየቀችም። «ምን አያችሁ?» ነው ያለችው።

አንዱ ቶሎ ብሎ «ቲቸር፣ እናታቸው ሞታለች» ይላል። ጥሩ። «የትኛው ዐረፍተ ነገር ነው የነገረህ?» ተማሪው ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ይፈልጋል። እናት የሚል ቃል የለም። ሞት የሚልም የለም። ያገኘው አንድ ትርፍ ሳህን ብቻ ነው። አንድ ሰው መጉደሉን ታሪኩ ይናገራል፤ ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ተማሪው ያየውና የገመተው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቃል። ይህች ቅጽበት ለእኔ ከአንድ ሙሉ የማስታወሻ ደብተር ትበልጣለች።

ሌላዋ «ዛሬም?» የሚለው ላይ ትቆማለች። ያቺ «ም» ምን ትሠራለች? ወንድምየው «ዛሬ?» ቢል ኖሮ ነገሩ የዛሬ ብቻ ይሆን ነበር። «ም» ስትጨመር ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም እንዲህ እንደነበር እንሰማለን። በአንዲት ፊደል ብዙ ቀናት አለፉ።

ቀጥሎ «እጄ ነው።» ለምን «ረስቼ ነው» አላለችም? የረሳ ሰው ሲያስታውሱት ያርማል። እሷ ግን እጇን ከሰችው። ልቧ ያውቃል፣ እጇ አልሰማም። ወይም ደግሞ ሰበብ ፈጠረች። ክፍሉ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ይከፈልም።

ከዚያ «ሳህኑ ንጹሕ ነበር።» ንጹሕ ሳህን ለምን ይወለወላል? በመጀመሪያው ንባብ ማንም ልብ አይለውም። በሁለተኛው ግን ወንድምየው ከሳህኑ ጋር ትንሽ መቆየት ፈልጎ ይሆን እንዴ ያሰኛል። እስከዚያ ድረስ እሷ የሰውየውን መጉደል ያልተቀበለች፣ እሱ ደግሞ የተቀበለ መስሎን ነበር። በሩ ሲንኳኳ ግን «ሁለቱም እኩል ዞር አሉ።» «እኩል» የሚለው ቃል እሱንም አጋለጠው። እሱም እየጠበቀ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ተማሪ እንመለስ። የጎደለው ሰው ሞቷል ወይስ ሄዷል? «ለሞተ ሰው ማን ወደ በር ይዞራል?» ይላል አንዱ። «ሰው ሲሞትብህስ መች እንደዚያ ታስባለህ?» ትለዋለች አንዷ። ሁለቱም ከጽሑፉ እየጠቀሱ ነው የሚከራከሩት። ሃያ ደቂቃ ሄደ። የተነበበው ግን ከግማሽ ገጽ ያነሰ ነው።

ማሽኑ ይህችን ታሪክ ቢያጠቃልል «እህትና ወንድም የጎደለ የቤተሰብ አባል ይናፍቃሉ» ይል ይሆናል። ስህተት የለበትም። «ም» ግን የለችም። የተወለወለው ሳህን የለም። «እኩል» የለም። የቀረው፣ ሳናነብም ልናውቀው የምንችለው ነገር ነው፤ ሰው የጎደለበት ይናፍቃል።

ታዲያ ሁሉም መልስ ልክ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ትክክለኛው ትርጉም አንድ ነው፤ መምህሩ ያውቀዋል» ይላል። ሌላው «ሥነ ጽሑፍ ነው፤ እንደፈለግህ ተርጉመው» ይላል። ሁለቱም ተማሪውን ከንባብ ያስወጡታል። የመጀመሪያው መልስ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ደግሞ ወረቀቱን ሳያይ እንዲናገር ይፈቅድለታል።

አንድ ተማሪ «ሦስተኛው ሳህን የጎረቤቱ ልጅ ነው» ቢልስ? ይሰማል፣ ከዚያ ይፈተናል። ልጁ የመጣው ለኳሱ ነው። ኳሱን ተቀብሎ ሄደ። «ዛሬም?» የሚለውም ለሱ አይስማማም። ጽሑፉ ይህን ንባብ አይቀበልም። «ሞተ» እና «ሄደ» የሚሉትን ግን ሁለቱንም ያስተናግዳል። እንደ ፍርድ ቤት ነው። ጠበቆች ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ያለ ማስረጃ ግን ማንም አያሸንፍም። እዚህ ማስረጃው ዐረፍተ ነገሩ ነው።

ይህ ሚዛን በአንድ ጀምበር አልመጣም። በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው አይ. ኤ. ሪቻርድስ ለተማሪዎቹ የገጣሚው ስም ያልተጻፈባቸው ግጥሞች እየሰጠ ያዩትን እንዲጽፉ ያደርግ ነበር። ውጤቱን በ1929 አሳተመው። በደንብ የተማሩ የሚባሉ ወጣቶች እንኳ የደራሲው ዝና ሳይመራቸው ጽሑፉን ብቻ ለማንበብ ምን ያህል እንደሚቸገሩ ታየ። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት በአሜሪካ ኮሌጆች «አዲሱ ሂስ» የተባለው አካሄድ ገነነ። ዓይናችን ጽሑፉ ላይ ብቻ ይሁን፤ የደራሲው የሕይወት ታሪክም የአንባቢው ስሜትም ይቆዩ የሚል ነበር።

በ1938 ግን ሉዊዝ ሮዘንብላት የምትባል መምህርት ሌላ ሐሳብ ይዛ ብቅ አለች። ትርጉም ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ አይጠብቀንም፣ ከአንባቢው ጭንቅላትም ብቻ አይመነጭም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሚፈጠረው አለች። በወረቀት ላይ የተጻፈ ዜማን አስቡት። ሁለት ሰዎች ሲዘፍኑት ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሰማል። ቢሆንም ኖታውን የሳተ ዘፋኝ ዜማውን ስቷል። አብዛኛው የዛሬ ጥሩ ክፍል ከሁለቱም ወገን ወስዷል። ከመጀመሪያው «አሳየኝ» የሚለውን፣ ከሁለተኛዋ ደግሞ «አንተስ ምን ሆንክ?» የሚለውን።

መቼት፣ ሴራ፣ ገፀ ባሕርይ… እነዚህስ ምን ይሠራሉ?

እኔም ተማሪ ሳለሁ ትርጉማቸውን ሸምድጄ ፈተና አልፌባቸዋለሁ፤ ምን እንደሚሠሩ የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ቃላቱ መሣሪያ ናቸው። መዶሻ ምን እንደሆነ በመሸምደድ ሚስማር አይመታም።

መቼት ታሪኩ መቼና የት እንደተፈጸመ ነው። ገፀ ባሕርይ በታሪኩ የሚኖረው ሰው ነው። ግጭት የሚጎትተው ውጥረት ነው፤ ጠብ መሆን የለበትም። በኛ ታሪክ ውስጥ ማንም አልተጣላም፤ በአንድ ሳህን ላይ ግን ሁለት ሰዎች ይሳሳባሉ። ጭብጥ ታሪኩ የሚያብላላው ጉዳይ ነው። ትእምርት ደግሞ ራሱን ሆኖ ሳለ ከራሱ በላይ የሚናገር ነገር ነው፤ ሦስተኛው ሳህን ሳህንም ነው፣ ሰውም ነው።

ሴራ ትንሽ ያስቸግራል፤ ከታሪክ ጋር ይምታታልና። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 በቀላሉ ለየው። «ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያ ንግሥቲቱ ሞተች» ቢባል ታሪክ ነው። «ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያ ንግሥቲቱ በሐዘን ሞተች» ሲባል ግን ሴራ ነው። ልዩነቱ «ለምን» ላይ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ተማሪ ቶሎ የሚያየው አንጻርን ነው፤ ማለትም ታሪኩን በማን ዓይን እንደምናይ። ማሳያው ቀላል ነው። ያችኑ ታሪክ ወንድምየው ራሱ እንዲተርክ አድርጉ። «ሦስተኛውን ሳህን ሳየው ሆዴ ተላወሰ። አንስቼ ወለወልኩት። ልለቀው አልቻልኩም።» አሁን ስሜቱን አወቅን። የጠፋውስ? በሩ ሲንኳኳ የመጣው ድንጋጤ ጠፋ። እሱም እንደሚጠብቅ ቀድሞ ስለነገረን «እኩል ዞር አሉ» ምንም አያጋልጥም። ተማሪ ይህን በገዛ እጁ ጽፎ ሲያይ አንጻር የሚለው ቃል ሁለተኛ አይጠፋበትም። መምህራን አንድን ታሪክ በሌላ ተራኪ መልሳችሁ ጻፉ የሚሉት ለዚህ ነው።

ያልተነገረውን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1927 ባሳተማት አንዲት ታሪክ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ስፔን ውስጥ ባቡር እየጠበቁ ያወራሉ። ስለ አንድ ቀዶ ሕክምና ነው የሚያወሩት። ምን ዓይነት ሕክምና እንደሆነ በስሙ አንዴም አይጠራም። አንባቢው ግን ጽንስ ስለ ማቋረጥ እንደሆነ ይደርስበታል። ከዚህ በኋላ፣ በ1932፣ ደራሲው ራሱ አጻጻፍን ከበረዶ ተራራ ጋር አመሳሰለው፤ ከውሃው በላይ የሚታየው ስምንተኛው እጅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ አንባቢዎች እንዲህ ያለ ታሪክ ያናድዳቸዋል። «ለምን በቀጥታ አይናገርም?» ይላሉ። ተገቢ ቅሬታ ነው፤ መምህር ሊያጣጥለው አይገባም። ጥሩው መልስ ወደ ራሳቸው ኑሮ መመለስ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ትልቁ ጉዳይ ሁሌ በስሙ ይጠራል? ሰው ከባድ ነገር ሲገጥመው ስለ አየሩ አያወራም? ተማሪ ያልተባለውን መስማት ቀድሞውኑ ያውቃል። እናቱ «እሺ» ስትል የትኛው «እሺ» እንደሆነ ከድምጿ ይለያል። ክፍሉ የሚያደርገው፣ ያንን ጆሮ ወረቀት ላይ እንዲጠቀምበት ማለማመድ ነው።

በሁለተኛ ደረጃና በኮሌጅ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ታሪኩ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ነው የሚለየው። አሜሪካዊቷ ኬት ሾፐን በ1894 ያሳተመችው አንድ በጣም አጭር ታሪክ በሁለቱም ቦታ ይነበባል። የልብ ሕመም ያለባት ሴት ባሏ በባቡር አደጋ ሞተ ተብሎ ይነገራታል። ታለቅሳለች። ከዚያ ብቻዋን ክፍሏ ገብታ ስትቀመጥ፣ ያልጠበቀችው ነገር ይሰማታል፤ ነጻነት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባልየው በሩን ከፍቶ ይገባል። ሞቶ አልነበረም። እሷ ወድቃ ትሞታለች። ሐኪሞቹ ደስታ ገደላት ይላሉ።

በሁለተኛ ደረጃ ዋናው ሥራ ያ የመጨረሻ መስመር ነው። ሐኪሞቹ የማያውቁትን እኛ እናውቃለን። ይህ ክፍተት ምጸት ይባላል። ተማሪው ክፍተቱን ካየ፣ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንዳዘጋጀው ወደ ኋላ ሄዶ ካገኘ፣ በቂ ነው። የልብ ሕመሟ ገና በመጀመሪያው መስመር መነገሩን ያኔ ነው ልብ የሚለው። ወደፊት የሚመጣን ነገር እንዲህ አስቀድሞ መጠቆም ንግር ይባላል።

በኮሌጅ ከጽሑፉ ወደ ውጭ ይወጣል። በዚያ ዘመን ያገባች ሴት በሕግ ፊት ምን መብት ነበራት? ታሪኩ በሴቶች መጽሔት ላይ መውጣቱ ምን ይነግረናል? ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሾፐን በ1904 ከሞተች በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሚያነባት ሰው ጥቂት ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው እንደገና ተነስታ የትምህርት ክፍሎች የገባችው። ታሪኩ በመሃል አንድ ቃል አልተለወጠም፤ አንባቢው ነው የተለወጠው። «ምን እንደሚነበብ የሚወስነው ማን ነው?» የሚለው የኮሌጅ ጥያቄ ከዚህ ይነሳል።

ይህ ጥያቄ የታሪክ ምርጫን ይነካል። ናይጄሪያዊቷ ደራሲ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ በ2009 ባደረገችው ንግግር ስለ አንድ ሕዝብ አንድ ታሪክ ብቻ መስማት አደጋ እንዳለው አስረድታለች። አጭር ልቦለድ ለዚህ መድኃኒት ይሆናል። አንድ ረጅም መጽሐፍ በሚፈጀው ጊዜ አሥር ታሪክ ይነበባል፤ ከአሥር አገር፣ ከወንድም ከሴትም፣ ከድሮም ከዛሬም። መምህሩ ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲነጋገሩ ማድረግም ይችላል።

መምህሩስ ምን ያድርግ?

ዝም ይበል። የቀልድ ምክር አይደለም። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ የሳይንስ ክፍሎችን ስታጠና፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አገኘች። ወዲያው ሌላ ሰው ይጠራሉ ወይም ራሳቸው ይመልሳሉ። ቆይታው ወደ ሦስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ብዙ ጊዜ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ።

ሦስት ሰከንድ በወሬ ቀላል ነው። ክፍል ፊት ቆሞ መጠበቅ ግን ያስጨንቃል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ ሰው ያስላል። ወንበር ይንቋቋል። ያኔ ነው ከኋላ ያለችው ልጅ፣ መንፈቁን ሙሉ ያልተናገረችው፣ «እኔ ግን ወንድምየው ይመስለኛል የበለጠ የተጎዳው» የምትለው።

ከዚህ ሌላ የሚሠሩ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ታሪኩን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ አንዱ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልም ሆነ ኮሌጅ፣ ለዚህ ትልቅ የሚባል ተማሪ የለም። ተማሪው በእርሳስ ገጹ ዳር ላይ ምልክት እያደረገ እንዲያነብ ማድረግም ይጠቅማል። መጀመሪያ ብቻውን፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር፣ ከዚያ ለክፍሉ እንዲናገር ማድረግ ዓይን አፋሩን ያድነዋል። የማጠቃለያ ማሽኑን በተመለከተ ብዙ መምህራን የመጀመሪያውን ንባብና የመጀመሪያውን ጽሑፍ ክፍል ውስጥ፣ በእስክሪብቶ አድርገውታል። ማጠቃለያውን ራሱ ወደ ክፍል አምጥቶ «እዚህ ውስጥ ምን ጎደለ?» ብሎ ማስፈለግም ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል።

ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ነገር አለ። ታሪኮች ስለ ሞት፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ራስን ማጥፋት ይናገራሉ። ከተማሪዎቹ መካከል ያ ነገር የደረሰበት ሊኖር ይችላል። አስቀድሞ «ይህ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አለበት» ብሎ መንገር ታሪኩን አያበላሸውም። ተማሪን «አንተስ እንዲህ ደርሶብህ ያውቃል?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። ስለ ገፀ ባሕርይው ማውራት ራሱ መጠለያ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ ሳይናገር ስለ ራሱ የሚያስብበት።

ልቦለድ ማንበብ ሰውን ደግ ያደርጋል ይባላል። እውነት ነው?

በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ጥቂት ደቂቃ ጥሩ ልቦለድ ማንበብ የሌላን ሰው ስሜት የመረዳት ችሎታን ለጊዜው ከፍ እንደሚያደርግ አሳየ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ግን ውጤቱን ሊያገኙት አልቻሉም። ስለዚህ «አንድ ታሪክ አንብብ፣ ደግ ትሆናለህ» የሚል ቃል መግባት አይቻልም። መምህራንም ትምህርታቸውን በዚህ ባያስከብሩት ይሻላል። ክፍሉ የሚያስተምረው ከዚህ ጠበብ ያለ፣ ግን በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ተማሪው ከመፍረዱ በፊት ደግሞ ያነባል። ያየውንና የገመተውን ይለያል። ከሱ የተለየ ያነበበውን ሰው «የቱ ጋ አየኸው?» ይለዋል። ውል ሲፈርም፣ ዜና ሲያነብ፣ ከሰው ጋር በመልእክት ሲጣላ፣ ይኸው ልማድ ነው የሚያስፈልገው።

ፈተናስ? ማርክ እንዴት ይሰጣል?

መልሱ ከመምህሩ መልስ ጋር መግጠሙ አይታይም። ተማሪው አንድ ሐሳብ አለው ወይ? ከጽሑፉ ጠቅሶ አሳይቷል ወይ? የጠቀሰው ነገር ሐሳቡን እንዴት እንደሚደግፍ አስረድቷል ወይ? ሦስተኛው ላይ ነው ብዙው የሚወድቀው፤ ጥቅሱን አስቀምጦ ይሄዳል። «ሳህኑ ንጹሕ ነበር ይላል» ብሎ ማቆም አይበቃም። «ንጹሕ ሳህን መወልወል ስለማያስፈልገው፣ የወለወለው ለሌላ ነገር ነው» ሲል ነው ማርኩ የሚገባው።

ወላጅ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይችላል?

ሥነ ጽሑፍ ማወቅ አይጠበቅበትም። ልጁ ታሪኩን አንብቦ ሲጨርስ «ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ያችኑ የማሽን መልስ ነው የሚያገኘው። በሷ ፈንታ «የቱ ላይ ቆም አልክ?» ይበለው። ልጁ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ትከሻውን ይነቀንቃል። ከዚያ ወረቀቱን ያነሳና በጣቱ ይፈልጋል።

«እዚች ጋ» ይላል። «ሳህኑ ንጹሕ ነበር የምትለዋ።»